በአርክቲክ ተቃውሞ የሚሠራው መቼ ነው?

በ1845 በሰር ጆን ፍራንክሊን የሚመሩ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች 129 ሰዎችን ይዘው በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ የሚያልፍ የባሕር መንገድ ፍለጋ ወጡ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መርከቦቹ በረዶ ውስጥ ተቀርቅረው ቀሩ፤ ከሰዎቹም አንድ እንኳ ለአገሩ አልበቃም። በ1854 ጆን ሬይ የተባለ አሳሽ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች የሆኑት ኢኑይቶች የነገሩትን ለለንደን አደረሰ፦ ሰዎቹ በረሃብ አልቀዋል፤ በመጨረሻም የሟች ጓዶቻቸውን ሥጋ በልተዋል። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ሳይቀር የኢኑይቶቹን ቃል አጣጣለ። በኋላ ግን በአጥንቶች ላይ የተገኘው የቢላ ምልክት እውነቱን አወጣው። ‘ኤረበስ’ የተባለችው መርከብም በ2014 የተገኘችው ኢኑይቶች ከአባት ለልጅ ሲያወሩለት በኖሩት አካባቢ ነው።

ዛሬ ወደ አርክቲክ የሚያማልለው ነዳጅ ነው፤ አደጋው ግን አልቀነሰም። ክረምቱ ጨለማ ነው፣ ነፍስ አድን ሩቅ ነው፣ በረዶ ሥር የፈሰሰ ነዳጅን ሰብስቦ ማውጣትም እጅግ አዳጋች ነው። በ2012 መጨረሻ ‘ኩለክ’ የተባለው የሼል ኩባንያ መቆፈሪያ ከአርክቲክ ሥራ ተመልሶ ከአላስካ ወደ ሲያትል ሲጎተት ማዕበል ተነሣ። መጎተቻው ተበጠሰ፤ የጎታቹ መርከብ ሞተሮችም ጠፉ። 18ቱ ሠራተኞች በሄሊኮፕተር ተስበው ወጡ፤ ኩለክ ግን በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከአንዲት ደሴት ዳርቻ ጋር ተላተመ።

ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተሟጋቾች ይህን የመሰለውን ስጋት ይዘው በሴፕቴምበር 2013 በፔቾራ ባሕር ወደሚገኘው የሩሲያው ጋዝፕሮም የነዳጅ ማውጫ አመሩ። ሁለቱ በገመድ ሊወጡ ሲሞክሩ ከላይ ውሃ ተለቀቀባቸው። በማግስቱ የታጠቁ የሩሲያ ኃይሎች ከሄሊኮፕተር ወርደው መርከባቸውን ያዙ። ሁለት ጋዜጠኞችን ጨምሮ 30 ሰዎች ሙርማንስክ ታሰሩ፤ መጀመሪያ የተከሰሱትም በባሕር ላይ ውንብድና ነበር። ዓለም ጮኸላቸው፤ በዲሴምበር ምሕረት ተደረገላቸው። በዚያው ወር ጋዝፕሮም ከዚያው ማውጫ ነዳጅ ማምረት ጀመረ።

በጁላይ 2015 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ የሆነው ለየት ይላል። 13 የግሪንፒስ ተሟጋቾች ከሴንት ጆንስ ድልድይ ላይ በገመድ ተንጠለጠሉ፤ ከሥራቸው ሌሎች በትናንሽ ታንኳዎች ወንዙን ሞሉት። ሊያግዱ የፈለጉት ለሼል የአርክቲክ ቁፋሮ የምትሠራውን ‘ፌኒካ’ የተባለች መርከብ ነው። የጫነችው ጉድጓዱ ቢፈነዳ አፉን የሚዘጋ መሣሪያ ሲሆን፣ እሱ በቦታው ሳይኖር ሼል ነዳጅ ወዳለበት ጥልቀት እንዲቆፍር አይፈቀድለትም ነበር። ቁፋሮው የሚቻለው ደግሞ በበጋ ብቻ ስለሆነ የባከነ ቀን ሁሉ ዋጋ ነበረው። ፌኒካ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰች። ፍርድ ቤት ግሪንፒስ በሰዓት 2,500 ዶላር እንዲቀጣ ወሰነ፤ ከ40 ሰዓት ገደማ በኋላም መንገዱ ተከፈተ።

በሴፕቴምበር ሼል ቁፋሮውን ተወ። የሰጠው ምክንያት የተገኘው ነዳጅ እንደታሰበው አለመሆኑ፣ የወጪው ብዛትና የመንግሥት ቁጥጥሩ አስቸጋሪነት ነው። የነዳጅ ዋጋም ወርዶ ነበር። ተንጠልጣዮቹ ብቻቸውን አሸነፉ ማለት ማጋነን ይሆናል።

ግሪንፒስ ራሱ በኢኑይቶች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲወቀስ ኖሯል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ማደንን በመቃወም ዘመቻ አካሂዶ ነበር። ዒላማው የንግድ አደን ቢሆንም የቆዳው ገበያ ሲወድቅ ኢኑይቶችም ገቢያቸውን አጡ። የካናዳው ግሪንፒስ በ2014 ይቅርታ ጠየቀ።

በዚያው ዓመት የካናዳ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያዎች ከባፊን ደሴት አጠገብ በድምፅ ሞገድ ነዳጅ እንዲፈልጉ ፈቀደ። አንድ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት የክላይድ ሪቨር መንደር፣ ድምፁ ነዋሪዎቿ አድነው የሚበሏቸውን እንስሳት ይጎዳል ብላ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ግሪንፒስም የክርክሩን ወጪ በመደገፍ ከጎኗ ቆመ። ነዋሪዎቹ ለጠየቁት ጥያቄ ኩባንያዎቹ የሰጡት መልስ 3,926 ገጽ ነበር። በነዋሪዎቹ ቋንቋ በኢኑክቲቱት የተተረጎመው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረበውም በኢንተርኔት፣ ያውም መስመሩ ቀርፋፋና ውድ በሆነበት አካባቢ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 26 ቀን 2017 ከነዋሪዎቹ ጋር በቂ ምክክር አልተደረገም ብሎ በሙሉ ድምፅ ፈቃዱን ሰረዘ።

ከሦስቱ ከባዱን ዋጋ የከፈሉት ሙርማንስክ የታሰሩት ናቸው፤ ያገኙት ግን የዓለምን ጆሮ ብቻ ነው። የፖርትላንዶቹ የኩባንያውን ደካማ ጎን ለይተው ያዙ። ክላይድ ሪቨር ደግሞ መንግሥትን የሚያዝ ፍርድ ቤት ያለበት አገር ነበራት፤ ስለ ባሕሩም የተናገሩት ባሕሩ የሚያበላቸው ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት ባለበት ሁሉ የተቃውሞ ድርጅቶች ከካሜራና ከባነር ወጪያቸው ቀንሰው ለነዋሪዎች ጠበቃና ተርጓሚ ቢያቆሙ ይሻላቸዋል።