የጨረቃዋ ፒኮ እና የእኛ ሀምበሪቾ

አንድ የበጋ ምሽት ሆሳዕና ውስጥ ከወዳጄ ግቢ ቆመን በትንሽ ቴሌስኮፕ ጨረቃን ስናይ፣ በጠቆረው ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ነጭ ተራራ አገኘን። ስሙ ፒኮ ይባላል። የከምባታ ልጅ የሆነው ወዳጄ፣ “ይኼማ ሀምበሪቾ ነው!” አለኝ። ሳቅሁ፤ ሳስበው ግን ንጽጽሩ ብዙ የሚያስተምር ሆኖ አገኘሁት።

ፒኮ የቆመበት ሜዳ “የዝናብ ባሕር” ቢባልም ጠብታ ውኃ የለውም። ከ3.9 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አንድ ግዙፍ የሰማይ አካል ጨረቃን ሲመታት፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጎድጓዳ ስፍራ በተራሮች ቀለበት ተከቦ ተፈጠረ። በኋላ ከጨረቃ ሆድ የወጣ ቅላጭ አለት ጎድጓዳውን ሞላው። ፒኮ በዚያ ጎርፍ ከተዋጠው የውስጠኛው ቀለበት የተረፈ ጫፍ ነው ተብሎ ይታመናል። ብቸኛ የሆነው ወንድሞቹ ስለተቀበሩ ነው ማለት ነው።

ከፍታውስ? ጨረቃ ላይ የባሕር ወለል ስለሌለ፣ የፒኮ ቁመት የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከግርጌው ሜዳ ተነሥቶ ነው፤ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሀምበሪቾ ከባሕር ወለል በላይ 3,058 ሜትር ነው ቢባልም፣ ዱራሜ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ከእግሩ ሥር ሲለካ 1 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ነው። በዚህ ስሌት ፒኮ ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

በቴሌስኮፕ ሲታይ ፒኮ እንደ ጦር የሾለ ይመስላል። ይህ ግን የጥላ ሽንገላ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ግርጌው በአንድ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ተዳፋቱ ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም። ጋሊልዮም በ1610 እ.ኤ.አ. የጨረቃን ተራሮች ቁመት ያሰላው ይህንኑ የብርሃንና የጥላ ጨዋታ ተጠቅሞ ነበር።

ትልቁ ልዩነት ግን ዝናብ ነው። ፒኮን ክረምት አያጥበው፣ ማረሻ አይነካው። የሀምበሪቾን አፈር ግን እያንዳንዱ ክረምት ይፈትነዋል፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብም ብዙ፣ መሬቱም ጠባብ ነው። የጨረቃው ተራራ ጠባቂ አይሻም፤ የእኛው ግን ዛፉና እንሰቱ ካልያዙለት ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ፒኮን ማየት የሚሻ ጨረቃ በተወለደች በ8ኛው ወይም በ9ኛው ምሽት ፕላቶ ከተባለው ጥቁር ክብ በስተደቡብ ይፈልግ። የሀምበሪቾን 777 ደረጃዎች የሚወጣ ደግሞ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ተዳፋቱንም ልብ ብሎ ይመልከት።