አንዱን ሰርቨር ለብዙ ተከራይ ስለ ማከፋፈል

ዶሮ ማነቂያን በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት የምታውቁ ሰዎች፤ አንድ ትልቅ ቤት ብዙ ቤት ሆኖ እንዴት እንደሚኖር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋችሁም። በ1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ንብረት ከሆኑ ወዲህ፤ በፒያሳና በአራዳ ከነበሩት ሰፋፊ ቤቶች ብዙዎቹ በቀበሌ ኪራይ ለየቤተሰቡ ተከፋፍለዋል። እኛ የነበርንበትም እንደዚሁ ነበር። ጣራው አንድ፤ መሠረቱ አንድ፤ በውስጡ ግን አምስት ቤተሰብ በኮምፔርሳቶ ተለያይቶ ይኖር ነበር። የመብራቱ ቈጣሪም አንድ ብቻ ሲሆን የተመዘገበው በአያቴ ስም ነበር።

ኮምፔርሳቶ ዐይን ይከልላል እንጂ ኤሌክትሪክ አይከልልም። እንጀራ ሻጯ ጎረቤታችን ምጣዷን በሰካችበት ሰዓት፤ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚስብ ነውና፤ ሌላው ምድጃውን ከሰካ ፊውዙ ይቃጠልና አምስቱም ቤት ባንድ ጊዜ ይጨልማል። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሦስት ቀን ሲቀረው በሻማ ያጠናሁት በዚሁ ምክንያት ነው። በሴትዮዋ ልፈርድ አልቻልኩም፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ምጣድ ነበረና። በመጨረሻ አያቴ በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ተራ አስጽፈው ከቈጣሪው አጠገብ ሰቀሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት ምጣድ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት መብራትና ሬዲዮ ብቻ፤ ከዚያ በቀረው ሰዓት ትርፍ ካለ የፈለገ ይጠቀም የሚል ነበር። ይህ ወረቀት ምን ያህል የታሰበበት ነገር እንደ ነበረ የተረዳሁት ግን ዘንድሮ ነው።

አጎቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የታላላቅ ኮምፒዩተሮች ባለሙያ ናቸው። በገና ዕረፍት ቤታችን መጥተው ሳሉ፤ «ጋሼ፤ ሥራዎ በትክክል ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፤ «ቤት አከፋፋይ ነኝ» ብለው ሣቁብኝ። ቀጥለውም ከደብተሬ አንድ ቅጠል ገንጥለው ትልቅ ሣጥን ሣሉ፤ በሣጥኑም ውስጥ መሥመር አሰመሩበት።

ሣጥኑ ሰርቨር ነው። ሰርቨር እንደ ትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተሮች ለአንድ ሰው የሚያገለግል ሳይሆን፤ በሺህ ለሚቈጠሩ ሰዎች ባንድ ጊዜ የሚሠራ መኪና ነው። በባንክ ገንዘብ ስትልኩ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ስትቈርጡ ከወዲያ ማዶ መልስ የሚሰጣችሁ እርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ሰርቨር ቢገዛ ወጪው ይበዛል፤ መኪናዎቹም አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትተው ይውላሉ። ሁሉንም ሥራ ያለ ድንበር በአንዱ ላይ ቢያጕሩት ደግሞ፤ የወር መጨረሻ ሲደርስ የደመወዙ ሒሳብ ጕልበቱን ሁሉ ይወስድና መስኮት ላይ የቆመው ደንበኛ ይጕላላል። ይኸውም የእኛው ምጣድ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩን ይከፍሉታል። ክፍሉ በእንግሊዝኛው ሎጂካል ፓርቲሽን ሲባል ባለሙያዎቹ አሳጥረው ኤልፓር ይሉታል። ሎጂካል የተባለው ግድግዳው በብረት ወይም በጣውላ ያልተሠራ፤ በተጻፈ ደንብ ብቻ የቆመ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ስም፤ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፤ የራሱ ሜሞሪ አለው። በአንዱ ክፍል ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢወድቅ ጎረቤቱ ሥራውን ይቀጥላል። ደንቡን የሚያስከብረው ሃይፐርቫይዘር የሚባል፤ ከሁሉም በታች የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። አያቴና ወረቀታቸው ማለት ነው፤ ልዩነቱ አያቴ ይተኛሉ፤ እርሱ ግን አይተኛም።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንዱን መኪና ብዙ መኪና አስመስሎ የሚያሠራውን ቪ ኤም 370 የተባለ ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1988 ክፍልፋዩን በራሱ በታላቁ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባው፤ በ2001 ደግሞ ፓወር 4 በተባለው ፕሮሰሰር ለሚሠሩት ሰርቨሮቹ አደረሰው። ከዚህ በታች የምጽፈው በእነዚሁ በፓወር ሰርቨሮች የተለመደውን መንገድ ነው።

ባለሙያው ሰርቨሩን በእጁ አይነካውም። ኤች ኤም ሲ ከሚባለው መቈጣጠሪያ ኮንሶል ፊት ተቀምጦ ለክፍሉ ስምና ቁጥር ይሰጣል፤ ከዚያም ፕሮፋይል የሚባለውን ውል ይጽፋል። ዋናው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ውሉ ስለ ሜሞሪ ሦስት ቁጥር ይጠይቃል፤ ዝቅተኛ፤ የሚፈለግና ከፍተኛ። 16፤ 32ና 64 ጊጋባይት ብለን ጻፍን እንበል። ክፍሉ ሲነሣ 32 ነፃ ካለ ይሰጠዋል፤ 24 ብቻ ካለ በ24 ይነሣል፤ ከ16 ካነሰ ግን ጭራሽ አይነሣም። ከፍተኛው ደግሞ ክፍሉ ሳይዘጋ፤ በሥራ ላይ እንዳለ ሊጨመርለት የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው።

እኔም፤ «እንግዲያው ከፍተኛውን የተቻለውን ያህል ማብዛት ነዋ!» አልኩ። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃይፐርቫይዘሩ ለእያንዳንዱ ክፍል የሜሞሪውን ገጾች የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ የሠንጠረዡም መጠን የሚለካው ክፍሉ በያዘው ሳይሆን በከፍተኛው ነው። ልኩ 1/64 በሆነበት ሰርቨር ላይ ከፍተኛውን 512 ጊጋባይት ብሎ የጻፈ ሰው፤ ክፍሉ በ32 ብቻ ቢሠራም እንኳ፤ 8 ጊጋባይት ለሠንጠረዡ ያስይዛል። ያ 8 ጊጋባይት ለሌላ ተከራይ አንድ ትንሽ ክፍል ይሆነው ነበር።

የፕሮሰሰሩ አከፋፈል ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ከፓወር 5 ጀምሮ አንዱን ፕሮሰሰር እስከ ዐሥር፤ በኋለኞቹም ሞዴሎች እስከ ሃያ ክፍሎች ሊካፈሉት ይችላሉ። አንድ ሴኮንድ ለሺህ ቢከፈል ዐሥሩን እጅ ወስዳችሁ እንደ አንድ ቀን ቍጠሩት፤ ግማሽ ፕሮሰሰር የተጻፈለት ክፍል ከያንዳንዱ እንዲህ ካለው ቀን አምስቱን እጅ ያገኛል። ያልተጠቀመበት ትርፍ ቢኖር፤ ውላቸው «ያልተገደበ» ለሚል ክፍሎች ይታደላል። እዚህም ላይ ክብደት የሚባል ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር አለ፤ ሰው ካልለወጠው 128 ነው፤ ትርፉን የሚሹ ብዙዎች ሲሆኑ የሚከፋፈሉት በዚሁ ነው። የአያቴ ወረቀት «ትርፍ ካለ የፈለገ ይጠቀም» ሲል ክብደት አልጻፈም ነበርና፤ በኋላ የተነሣው ጠብ ሁሉ ከዚያች መሥመር ነበር።

ዲስክና የኔትወርክ ካርድ ለአንድ ክፍል ብቻ ሊሰጡ ይችላሉ። አለዚያም ቪ አይ ኦ ኤስ የሚባል አንድ የአገልጋይ ክፍል ይይዛቸውና ለሌሎቹ ያካፍላል። ጠንቃቃ ሰው እንዲህ ያለውን አገልጋይ ሁለት ያደርጋል፤ አንዱ ለጥገና ሲዘጋ ሁለተኛው እንዲሸከም።

ውሉ ከተጻፈ በኋላ ክፍሉ ከኮንሶሉ ይነሣል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ይጫናል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ጊዜ ነው። ፕሮፋይሉን ያሻሽሉና ክፍሉን ከውስጥ ሆነው እንደገና ያስነሡታል፤ ምንም አልተለወጠም። እንዲህ ያለው መነሣት ውሉን እንደገና አያነብምና። ክፍሉ ፈጽሞ ተዘግቶ ከኮንሶሉ በዚያው ፕሮፋይል ካልተነሣ፤ የተጻፈው ወረቀት ላይ ይቀራል። አጎቴ በሥራቸው መጀመሪያ ላይ በዚህች ነገር አንድ ሌሊት ሙሉ እንዳነጉ ነግረውኛል።

ከክፍሎቹ አንዱ ሁልጊዜ ለሙከራ ይቀመጣል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሲሳሳትና ሰዎች ከሌላቸው ሒሳብ ገንዘብ ሲያወጡ ያደሩበትን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ነገሩ የክፍልፋይ ጉድለት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሕዝብ የሚገለገልበት ሥርዓት ጥቂት ሲነካ ምን ያህል ሰው እንደሚደርሰው ያሳየናል። ማናቸውም ለውጥ አስቀድሞ በሙከራው ክፍል ውስጥ ቢደረግና ቢበላሽ፤ ጎረቤት ሳይሰማው ይታረማል።

አያቴ ይህን ሁሉ በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆይተው፤ «መኪናው ራሱ የጠፋ ለታስ?» ብለው ጠየቁ። አጎቴም፤ «እማማ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይጨልማል» ሲሉ መለሱ። ኤልፓር ከጎረቤት ያድናል እንጂ ከቤቱ መውደቅ አያድንም። ስለዚህ በሌላ ሕንፃ ሁለተኛ ሰርቨር ይቆማል። ከፓወር 6 ወዲህ ደግሞ፤ አስቀድሞ ከታወቀ፤ አንዱን ክፍል ሥራውን ሳያቋርጥ ከመኪና ወደ መኪና ማዛወር ተችሏል፤ በውስጡ የሚሠራው ሰው መዛወሩን አያውቅም።

እኛ ከዶሮ ማነቂያ ስንወጣ እንዲህ አልቀለለንም። የክፍሉም መዛወር ቢሆን ቅድመ ዝግጅት አለው። ዲስኩ ሁለቱም ሰርቨሮች የሚደርሱበት የጋራ ዲስክ፤ መሣሪያው ሁሉ በቪ አይ ኦ ኤስ በኩል የተሰጠ መሆን አለበት። አንድ ካርድ እንኳ ለብቻው የተቸነከረለት ክፍል አይንቀሳቀስም። የአያቴ ቁም ሣጥን ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለ ነበረ፤ በመጋዝ ሁለት ቦታ ተቈርጦ ነው በበሩ የወጣው።