ጎበዝ ካፒቴን ማዕበል አይፈራም?

ከአጋሮና ከሊሙ የተነሳ ቡና ጅቡቲ መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ነገሩ ሁሉ በካፒቴኑ እጅ ነው። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ሆኖ ቡናውን የሸኘ ሰው ባሕሩን ባያየውም ወሬው ይደርሰዋል፤ ከወሬው ሁሉ ሥር የሰደደው ደግሞ «ጎበዝ ካፒቴን ማዕበል አይፈራም» የሚለው ነው።

ይፈራል እንጂ! ጉብዝናው ማዕበሉ ሳይደርስበት መንገድ መቀየሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 «ኤል ፋሮ» የተባለችው የአሜሪካ የጭነት መርከብ ከፍሎሪዳ ወደ ፖርቶ ሪኮ ስትጓዝ «ዋኪን» የተባለ ከባድ አውሎ ነፋስ ከፊቷ ነበር። ካፒቴኑ ይመለከተው የነበረው የአየር ትንበያ ሰዓታት ያለፉበት ነው። ሌሊት በተረኛነት የቆሙት መኮንኖች አዲሱን መረጃ አይተው ደወሉለት፤ ወደ ደቡብ እንታጠፍ አሉት። አልተቀበላቸውም። ጥቅምት 1 ማለዳ መርከቧ ከነ33 ሰዎቿ ሰጠመች። ንግግራቸው ከባሕር ወለል በወጣው መቅጃ ተገኝቷል። እነዚያ መኮንኖች ቢደመጡ ኖሮ ብሎ አለመቆጨት አይቻልም።

«ማዕበል ሲመጣ ወደብ መጠጋት ነው» የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። የታሰረ ትልቅ መርከብ ገመዱን በጥሶ ከወደቡ ግንብ ጋር ሊላተም ይችላል፤ ስለዚህ አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ወደቦች ራሳቸው መርከብ የሚያስወጡበት ጊዜ አለ። ሰፊው ባሕር ላይ ካፒቴኑ የመርከቡን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙሮ፣ መሪው እንዲታዘዝለት ብቻ የሚበቃ ፍጥነት ይዞ ይቆያል። የሚፈራው ሞተር ጠፍቶ የመርከቡን ጎን ለማዕበል መስጠትን ነው።

የመርከቡ ባለቤት «ቀጥል» ቢለውስ? ሶላስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደህንነት ስምምነት ካፒቴኑ ለሰው ሕይወት ሲል የሚወስነውን ባለቤትም ሆነ ተከራይ እንዳያግድ ይከለክላል። ቡናው ቢዘገይም ውሳኔው የእሱ ነው።

«የእኔ ጭነት ከደረሰ የሌላው ኪሳራ ምን አገባኝ» የሚል ነጋዴም አለ። ያገባዋል እንጂ! መርከቧን ለማዳን ካፒቴኑ ሆን ብሎ ዕቃ ከጣለ፣ ጉዳቱን መርከቧና የተረፈው ጭነት ሁሉ እንደየዋጋቸው ይካፈሉታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግም ይህንን ያውቀዋል። ማዕበል ራሱ የጠረገው ግን ለየባለቤቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ከ«ሲኤምኤ ሲጂኤም ቤንጃሚን ፍራንክሊን» 44 ኮንቴይነሮች የወደቁት እንዲህ ነው። ፎብ በተባለው የሽያጭ ውል የተሸጠ ቡና ከተጫነ በኋላ አደጋው የገዢው ነው። ሆን ተብሎ ለተጣለው ዕቃ መዋጮ ከተጠየቀ ደግሞ የጭነቱ ባለቤት ዋስትና እስኪያቀርብ ኮንቴይነሩ አይለቀቅም፤ ኢንሹራንስ ለገባ ሰው የዋስትናውን ወረቀት ኢንሹራንሱ ይፈርምለታል፣ ያልገባ ከኪሱ ያስይዛል።