ኖሚኔሽን መጣ ማለት ቪዛ መጣ ማለት አይደለም

በሰፈራችን «ለእገሌ ልጅ የካናዳ ኖሚኔሽን መጣለት» ከተባለ እንኳን ደስ ያላችሁ ባዩ ብዙ ነው። ቡና ይፈላል፣ ሶፋና ፍሪጅ ለመሸጥ ዋጋ የሚጠይቅም አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣት ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የጎረቤት ልጆች «ሲስተር፣ እስቲ ይዩልኝ» እያሉ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የሕሙማን ካርድ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና ወረቀት ላይ የጎደለ ነገር ቶሎ ይታየኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካናዳ አሥር ክፍለ ግዛቶችና ሦስት ቴሪቶሪዎች አሏት። ከኩቤክና ከኑናቩት በስተቀር ሁሉም ለሥራ ገበያቸው የሚፈልጉትን ባለሙያ ራሳቸው መርጠው ለፌዴራሉ መንግሥት ያጫሉ። ኖሚኔሽን የሚባለው ይህ እጩነት ነው። ኩቤክ የራሷ የተለየ አሠራር አላት። ማኒቶባ በዚህ መንገድ ሰው መቀበል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። ያኔ መጤው ሁሉ ቶሮንቶ፣ ሞንትሪያልና ቫንኩቨር ላይ ይከማች ስለነበር ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች «ለእኛም ይድረሰን» ማለታቸው ነበር።

ክፍለ ግዛቱ ያጫል እንጂ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አይሰጥም። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። የጤና ምርመራ፣ የወንጀል ሪከርድ፣ የጣት አሻራና የሰነዶች ማጣራት የሚጠናቀቀው እዚያ ነው። በኤክስፕረስ ኢንትሪ በኩል ለሚሄድ ሰው እጩነቱ 600 ነጥብ ይጨምርለታል፤ ጠቅላላው ነጥብ 1,200 መሆኑን ስናስብ ይህ ቀላል አይደለም። የማመልከቻ ግብዣ ከመጣ በኋላ ግን ሁሉን ነገር አሟልቶ ለማስገባት ያለው ጊዜ 60 ቀን ብቻ ነው። ከእኛ መሥሪያ ቤቶች ወረቀት ለምኖ የሚያውቅ ሰው 60 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ይረዳዋል።

በ2025 ቦታውም ጠቦ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ለ2024 በክፍለ ግዛቶች እጩነት 110,000 ሰው ለመቀበል አቅዶ ነበር፤ የ2025 ዕቅዱን ግን ወደ 55,000 ዝቅ አደረገው። ቦታ ሲጠብ ደላላ ይበዛል። የሰፈራችን አንድ ወጣት ነርስ «ቦታ እናስይዝልህ» ተብሎ 400 ሺህ ብር ተጠይቆ እናቱ የእቁብ ገንዘባቸውን ሊሰጡ ተነስተው ነበር። ክፍለ ግዛት ቦታ አይሸጥም፤ የማመልከቻ ክፍያው በየድረ ገጻቸው ላይ በይፋ ተጽፎ ይገኛል። ገንዘብ ተቀብሎ ለካናዳ ኢሚግሬሽን ማማከርና መወከል የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም በአማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው። የአማካሪው ስም በኮሌጁ መዝገብ ላይ መኖር አለመኖሩን ማንም ሰው ከስልኩ ላይ ያለ ክፍያ ማየት ይችላል። የልጁን ደላላ ስም አብረን ፈለግን። የለም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ምክሩ ነበር። ወጣቱ ከጋብቻ ውጭ የወለዳት የስድስት ዓመት ልጅ አለችው። ደሴ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። ደላላው «እሷን አትጻፍ፤ ባንክ ውስጥ የሚጠየቀው ገንዘብ ይጨምርብሃል፣ በኋላ ትወስዳታለህ» ብሎታል። ለመቋቋሚያ የሚታየው ገንዘብ በቤተሰብ ቁጥር እንደሚሰላ፣ አብሮ የማይሄደውም እንደሚቆጠር እውነት ነው። «በኋላ ትወስዳታለህ» ያለው ግን ትልቅ ውሸት ነው። በካናዳ ደንብ አመልካች ከ22 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቹን በሙሉ፣ አብረውት ሄዱም ቀሩም፣ ማስመዝገብ አለበት። አብረው ባይሄዱም የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። ያልተመዘገበና ያልተመረመረ ልጅ ደግሞ በመርሁ መሠረት በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰርነት ሊወሰድ አይችልም። መደበቁ ከታወቀም ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ አምስት ዓመት እገዳም ያስከትላል።

ይህን ስነግረው ልጁ ዝም አለ። እናቱ ናቸው የተናገሩት፦ «ሲስተር፣ ታዲያ የልጅ ልጄን ሊያስቀሩብኝ ነበር?» አሁን ማመልከቻው ላይ ስሟ አለ። ገንዘቡን ለመሙላት አንድ ዓመት ገደማ ሊዘገይ ይችላል፤ ይዘግይ።

ስለ ጤና ምርመራው ጥቂት ልበል፤ ሙያዬ ነውና። ድሮ የሳንባ ነቀርሳ የነበረባቸው ሰዎች ራጅ ላይ ጠባሳው ይታያል ብለው ይፈራሉ፤ ታሪካቸውን የሚደብቁም አሉ። አትደብቁ። የቆየና የዳነ ጠባሳ ብቻውን አይከለክልም፤ ከገቡ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ክትትል ሊታዘዝላቸው ይችላል። የሚያስቆመው ገና ያልዳነ፣ የሚተላለፍ ነቀርሳ ነው፤ እሱም ቢሆን ታክመው ሲጨርሱ ጉዳዩ ይቀጥላል። የሕክምና ማጠናቀቂያ ካርዳችሁን አትጣሉት። ምርመራውን የሚያደርጉት ካናዳ የፈቀደችላቸው ሐኪሞች ብቻ ስለሆኑ በሌላ ክሊኒክ አስቀድሞ ገንዘብ ማውጣትም ጥቅም የለውም።

ለነርሶች ደግሞ አንድ ነገር። በነርስነት ታጭቶ ቋሚ ነዋሪ መሆንና በነርስነት ለመሥራት ፈቃድ ማግኘት ለየብቻ የሚሄዱ ናቸው። የሙያ ፈቃዱን የሚሰጠው የየክፍለ ግዛቱ የነርሶች ተቆጣጣሪ አካል ነው። ትምህርቱ ይገመገማል፣ የእንግሊዝኛ ደረጃ ይታያል፣ ከ2015 ጀምሮም ከኩቤክ ውጭ የተመዘገበ ነርስ ለመሆን ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። እስከዚያ አረጋውያንን መንከባከብ ላይ የሚሠሩ የእኛ ልጆች አሉ። ሥራው የተከበረ ነው፤ ሳያውቁት ሲደርስባቸው ግን ቅስማቸው ይሰበራል። ቤተሰብም «ነርስ ሆኖ ሄዶ እንዴት ብር አይልክም?» ከማለቱ በፊት ይህን ቢያውቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ልምድ ማስረጃ በሁለት መስመር ያልቃል፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በነርስነት፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው ሠርተዋል፤ ማስረጃው በጠየቁት መሠረት ተሰጥቷቸዋል። ካናዳ የምትፈልገው ደብዳቤ የሥራውን ዝርዝር፣ የሳምንቱን የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅሙን፣ የፈራሚውን ስም፣ ኃላፊነትና አድራሻ የያዘ ነው። በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት ካልተሠራ ሙሉ ጊዜ አይባልም፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ ግን በምን ይታወቃል? የዘመን አቆጣጠሩም አለ። ሐምሌ 2009 ላይ የተመረቀ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 2017 ላይ ነው የተመረቀው። ዲፕሎማው ላይ ያለው 2009 እንዳለ ከተተረጎመ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስምንት ባዶ ዓመት ይፈጠራል። ስምም እንዲሁ ነው። ዲፕሎማው ላይ የአባቱ ስም በአንድ ኤስ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ኤስ ከተጻፈ አስቀድሞ ማስተካከል፣ ካልተቻለም የሁለቱም ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ማያያዝ ነው።

የደሴዋ ልጅ አባት የሥራ ልምዱን ከቀድሞ ሆስፒታሉ ሁለት ጊዜ አስጽፏል። የመጀመሪያው የሥራ ዝርዝር አልነበረውም። ሁለተኛውን ባለፈው ሳምንት አምጥቶ አሳየኝ፤ ዝርዝሩም ሰዓቱም አለው፣ ማህተሙ ግን የኃላፊውን ስልክ ቁጥር ሸፍኖታል። ሰኞ ጠዋት ተመልሶ ይሄዳል።