የፋብሪካ ካሜራ፦ ዓይነ ሥጋና ዓይነ ልቡና

ከጣና የሚወጣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ካርቱምን በግራው፣ ባሕሪን በቀኙ ትቶ ያልፋል። ይህች ባሕሪ፣ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን፣ በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ጦርነት እስኪነሣባት ድረስ ስንዴ የሚፈጭባት፣ ዘይት የሚጨመቅባት፣ መድኃኒትም የሚቀመምባት የኢንዱስትሪ ከተማ ነበረች። ስለ ፋብሪካ ካሜራ ስጽፍ እርሷን የማነሣው፣ ሙቀቷና አቧራዋ የዚህን መሣሪያ ሕማም አጉልተው ስለሚያሳዩ፣ ደግሞም የወደቀው ፋብሪካ በሚነሣበት ቀን ጠጋኙ ይህን ዕውቀት ስለሚሻው ነው።

የፋብሪካ ካሜራ ዓይነ ሥጋ ነው፤ ዓይነ ልቡናው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። የእጅ ስልክ ካሜራ ያነሣውን ሥዕል ራሱ አስተካክሎና አሳንሶ ሲያቀርብ፣ ይህኛው ግን የተቀበለውን ብርሃን ባብዛኛው በጥሬው ይልካል፤ ጠርሙሱ ጐደለ፣ ክዳኑም ተንሻፈፈ ብሎ የሚፈርደው ፕሮግራሙ ነው። ለዚህ ጥበብ በር የከፈተውን ሲሲዲ የተባለውን የብርሃን መቀበያ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ ፈለሰፉት፤ በ2009ም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉበት። እንግዲህ ሥጋና ልቡና ተለያይተው ስለሚኖሩ፣ አብዛኛው ሕማም የሚገኘው በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሕማም ፕሮግራሙ ካሜራውን አለማየቱ ነው። ተራ የቪዲዮ ፕሮግራም የሚያውቀው የዌብካምን ቋንቋ ስለሆነ፣ የፋብሪካው ካሜራ ሠሪው ያዘጋጀውን አስተርጓሚ ድራይቨር ይሻል። ድራይቨሩ ተጭኖ ሳለ ካልታየ፣ የካሜራውና የኮምፒዩተሩ የኔትወርክ አድራሻ በአንድ መደብ ላይ መሆኑ፣ ፋየርዎሉም መንገዱን አለመዝጋቱ ይመርመር፤ ለሁለት ጌታ መገዛት ስለማይሆንለት፣ ሌላ ፕሮግራም ይዞት ከሆነ አስቀድሞ ይዘጋ።

ሁለተኛው የሥዕሉ መቆራረጥ ነው፤ ምክንያቱንም ሒሳብ ይገልጠዋል። ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ ሥዕል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ቢመደብና በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢላክ፣ 124,416,000 ባይት ይሆናል። የአንድ ጊጋቢት መስመር ልኩ 125,000,000 ባይት ስለሆነ፣ ሥዕሉን ለሚሸከሙት ፓኬቶች አርእስት የሚበቃ ቦታ አይተርፍም። መድኃኒቱ የሥዕሎቹን ቍጥር መቀነስ፣ ወይም የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ቈርጦ መላክ ነው፤ የፓኬቱን መጠን ወደ 9000 ባይት ገደማ ማሳደግም ሸክሙን ያቀልላል።

ጨለማ ሥዕል ያየ ሰው ካሜራው ሞተ ብሎ አይፍረድ፤ ምናልባት የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ተዘግቶ፣ ወይም ካሜራው የማንሻውን ምልክት፣ ትሪገር የሚሉትን፣ በትዕግሥት እየጠበቀ ይሆናል። ሥዕሉ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ይታይ፤ በሱዳንም ሆነ በእኛ አገር የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ አንዳንድ መብራት 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛልም፤ ስለዚህ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ 1/100 ሴኮንድ ወይም የዚያ ብዜት ይሁን።

በባሕሪ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መቀበያው በጋለ ቍጥር፣ በየ6 እስከ 8 ዲግሪው፣ ብርሃን ሳይኖር የሚፈጠረው ሐሰተኛ ምልክት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ካሜራው ሙቀቱን የሚያወርድበት ብረት ላይ ይታሰር። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ያመጣው ነጥብ ሌንሱ ሲዞር አብሮ ከዞረ ሌንሱ ላይ፣ ባለበት ከጸና ግን መቀበያው ላይ ነው።

ስለዚህ ጠጋኝ ሆይ፣ ከብርሃኑ ጀምረህ ወደ ሌንሱ፣ ወደ ኬብሉ፣ ወደ አድራሻው፣ በመጨረሻም ወደ ፕሮግራሙ በተራ ሂድ፤ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ለውጥ፣ የለወጥኸውንም ጻፍ። ባሕሪ ፋብሪካዋን ዳግመኛ ስትከፍት አዲስ ካሜራ መግዣ ላይኖራት ይችላል፤ ከፍርስራሹ የተረፈው አሮጌ ዓይን ግን በዚህ ሥርዓት ለሚመረምረው ሰው እንደገና ያይለታል።