የገዳሪፍ ፀሐይና ቆዳችን

መስከረም ሲጠባ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወደ መተማ፣ አንዳንዱም ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ ደርቆ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ሳይራገፍ መታጨድ አለበት። አጫጁ ማጭዱን ይዞ እንዳጎነበሰ፣ ማጅራቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይውላል። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለትራክተር እርሻ ዛፉ ስለተመነጠረ ቀና ብሎ የሚያርፍበት ጥላ እንኳ ማግኘት ይቸግራል።

ሙቀትና ጨረር ግን አንድ አይደሉም። ቆዳ የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር አይታይም፣ ሙቀቱም አይሰማም። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩም 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሻዋ ጎንደር ከቆላዋ ገዳሪፍ የበረታ ጨረር ሊኖራት የሚችለው ለዚህ ነው። የአየር ንብረቱ መሞቅ በቅድሚያ የሚያከፋው ሙቀቱን ነው፤ ገዳሪፍ በሚያዝያ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ለአጫጁ የዕለቱ አደጋ ውሃ ጥምና ራስ መሳት ነው፤ ዓመታት ሲደራረቡ ደግሞ ከጨረሩ የዓይን ሞራ ሊመጣ ይችላል።

የቆዳ ካንሰርስ? ጥቁር ቆዳ ሜላኒን በተባለው የቆዳ ቀለም ይጠበቃል። ሜላኒን የሌላቸው አልቢኖ ወገኖቻችን ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለፀሐይ የተጋለጡ ናቸው፤ በአፍሪካ ብዙዎቹን ያለ ዕድሜያቸው የሚቀጥፋቸው የቆዳ ካንሰር ነው። ለእነሱ የፀሐይ መከላከያ ቅባት መድኃኒት እንጂ መዋቢያ አይደለም፤ በመዋቢያ ዋጋ መሸጡ ያሳዝነኛል።

በሌሎቻችን ላይ ካንሰሩ በአብዛኛው የሚወጣው ፀሐይ በማያየው ቦታ ነው፦ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጥፍር ሥር። ሙዚቀኛው ቦብ ማርሊ በ1981 (እ.ኤ.አ.) በ36 ዓመቱ የሞተው በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ በተባለ የቆዳ ካንሰር ነው። ለዓመታት ያልዳነ ቁስልና የቃጠሎ ጠባሳም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ተሰደው በገዳሪፍ ግዛት የስደተኛ ጣቢያዎች በኡም ራኩባና በቱናይድባ የሰፈሩት ወገኖቻችን እንዲህ ያለ ቁስል ቢይዛቸው ለሐኪም እስኪታይ ስንት ጊዜ ይፈጃል!

ስለዚህ ለሁሉም «ቅባት ተቀቡ» ማለት አይበቃም። ለአጫጁ የሱዳኑ ገበሬ ሰፊ ጀለብያና ጥምጥም ከብዙ ቅባት ይሻለዋል፤ አሠሪውም ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ዳስ፣ ውሃና ዕረፍት ሊሰጠው ይገባል። ማታ እግሩን ሲታጠብ ደግሞ ውስጥ እግሩን ገልብጦ ይይ። ድሮ ያልነበረ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ካለ፣ የእሾህ ጠባሳ ነው ብሎ አይለፈው።