ሂሳብ የማይከፍሉት ተሳፋሪዎች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ተሻግራችሁ ታውቁ ይሆናል። እግራችሁ ሥር ያለውን ወለል ግን ልብ ያላችሁት አይመስለኝም። ብዙዎቹ ትንንሽ የፋይበርግላስ ጀልባዎች እንደ ሳንዱች ናቸው፦ ከታች ቀፎው፣ ከላይ ወለሉ፣ መሃል ላይ ደግሞ ፎም። ፎሙ ለጌጥ አልገባም። ጀልባው ውኃ ቢሞላ እንኳ ጨርሶ እንዳይሰጥም የሚይዘው እሱ ነው።

ችግሩ ፎሙ ራሱ ውኃ ይጠጣል። በአንድ ቀን አይደለም፤ የወንበሩ ብሎን በደንብ ሳይታሸግ ይቀርና ጠብ ጠብ እያለ ዓመታት ይቆያል። የገባው ውኃ መውጫ የለውም።

እስቲ ሂሳብ እንሥራ (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሂሳብ ሳይሠራ አያልፍም)። ግማሽ ሜትር ኩብ ደረቅ ፎም 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዚህ ፎም ግማሹ በውኃ ቢሞላ 250 ኪሎ ይጨመርበታል። አራት ጎልማሶች ማለት ነው! ወለሉ ሥር ተኝተው በየጉዞው የሚመላለሱ፣ ሂሳብ የማይከፍሉ አራት ሰዎች። አሥር ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት ጀልባ አሥር ሲጭን በእውነት የሚሸከመው አሥራ አራት ነው፤ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ፎሙ ማንሳት የነበረበትን ያህል አያነሳም።

ጀልባው ሲንቀራፈፍና ቤንዚን ሲበላ ግን መጀመሪያ የሚታማው ሞተሩ ነው። ሐሜቱ ትንሽ እውነት አለው፦ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ተራ ሞተር እዚያ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ይህ ግን ጀልባው አዲስ እያለም ነበረ። አምና ይሮጥ የነበረ ጀልባ ዘንድሮ ከከበደው፣ ትልቅ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት አስመዝኑት። ተጎታች ላይ ጭናችሁ የመኪና ሚዛን ላይ አውጡት፣ የተጎታቹን ቀንሱ፣ አምራቹ ከጻፈው ክብደት ጋር አወዳድሩ።

ሚዛን ካልተገኘ ሌላም መንገድ አለ። ባዶውን ቆሞ የውኃው መስመር ከድሮው ምልክት ከፍ ብሏል? ወለሉ ስትረግጡት ይለሰልሳል? ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ በፕላስቲክ መዶሻ አንኳኩ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ ያለው እንጨት የበሰበሰው ደግሞ ድፍን ይላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ከወለሉ (ከቀፎው አይደለም፣ አደራ!) ወደ ኋላ ዝቅ ባለው ቦታ ቀዳዳ ከፍቶ ፎሙን ቆንጥሮ ማውጣት ነው። ጨምቃችሁ ውኃ ከወጣው ነገሩ አልቋል።

እዚያው ሐይቅ ላይ ያለው ባለ ታንኳ ይህን በሽታ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ሥራ ሲጨርስ ታንኳውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ፋይበርግላሱ ግን ቢወጣም አይደርቅም፣ ፎሙ ታሽጎ ነዋ። ስለዚህ መቁረጥ ግድ ነው።

ወለሉን ዳር ዳሩን ጠርዝ አስቀርታችሁ በግራይንደር ቁረጡ፤ ማስክ፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ አይቀሬ ነው፣ ብናኙ ሳንባና ቆዳ አይምርም። እርጥቡን ፎም ጠርጋችሁ አውጡ። ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶች በስብሰው ከሆነ እነሱም ይቀየሩ። ከዚያ ማድረቅ፣ ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት ቦታ ይኼ ነው፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። መድረቁን ለማወቅ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ፀሐይ ላይ ተዉት። ከሥሩ ጤዛ ከቋጠረ ገና ነው።

ወለሉ ሲመለስ መጋጠሚያው ከውፍረቱ 12 እጥፍ ያህል እየሳሳ ይሞረድ፤ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ኤፖክሲ በአሮጌ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል፣ ፖሊስተር በኤፖክሲ ላይ ግን አያስተማምንም።

አንዳንዱ ፎሙን አውጥቶ ባዶውን ይዘጋል። ጀልባው ይቀልላል፣ ይሮጣል፣ ደንበኛም ደስ ይለዋል፤ ውኃ የገባበት ቀን ግን የሚያነሳው ነገር የለም። አዲሱ ፈሳሽ ፎም ጥቂት በጥቂት ይፍሰስ፣ አንዴ ከተደፋ ይግላል። ከሥሩ ውኃ ወደ ኋላ የሚወርድበት ቦይ ይተውለት። ወንበሮቹን መልሳችሁ ስትተክሉም እያንዳንዱን የብሎን ቀዳዳ በማሸጊያ ሙሉት፤ ውኃው መጀመሪያ የገባው በዚያ ነው።